ጫማ ሰቅለው ማይክ የሚያነሱት

የቀድሞው የእንግሊዝ አጥቂ ጋሪ ሊንከር የቢቢሲን የእግር ኳስ ፕሮግራም «ማች ኦፍ ዘ ደይ»ን መምራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2025 የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ ወንበሩን ለቀቀ። ጣቢያው በምትኩ ሦስት ሰው መደበ፤ ኬሊ ኬትስን፣ ማርክ ቻፕማንንና ጋቢ ሎገንን። ሦስቱም በስርጭት ሥራ ያደጉ ናቸው፤ ኬሊ የሊቨርፑሉ ኬኒ ዳልግሊሽ፣ ጋቢ የሊድሱ ቴሪ ዮራዝ ልጆች ከመሆናቸው በቀር ከትልቅ ክለብ ማሊያ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ብዙ ሰው ይህን ዜና ሲሰማ «እንግሊዞች የቀድሞ ተጫዋቾችን ከስክሪን ማውጣት ጀመሩ» ብሎ ተረጎመው። ትክክል አይደለም። የተለወጠው ፕሮግራሙን የሚመራው ሰው ነው። ከአቅራቢው ጎን ተቀምጠው ጨዋታውን የሚተነትኑት አሁንም አላን ሺረርን የመሰሉ ጫማ የሰቀሉ ሰዎች ናቸው።

እዚህ አገር የሚሰማው ጥያቄ የተገላቢጦሹ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሱፐር ስፖርት ካሜራ ፊት ሲካሄድ ቆይቷል። ተመልካቹ ጨዋታውን በድግግሞሽ ምስል፣ ከብዙ አቅጣጫ ማየት ለምዷል። ታዲያ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በዚያው ሜዳ የሮጡት ልጆቻችን ከማይኩ ጀርባ ለምን በብዛት አይታዩም? ነገሩ በተለምዶ የሚታለፈው «አይችሉም» ወይም «አይፈለጉም» በሚል አጭር መልስ ነው። ሁለቱም መልሶች ወንበሩ እንዴት እንደሚሠራ ካለማየት የመጡ ናቸው።

አንድ የሚመስሉ አራት ሥራዎች

በእኛ ዘንድ «ኮሜንታተር» የሚለው ስም ቢያንስ አራት ሥራ ይሸፍናል። የመጀመሪያው ከስቱዲዮ ፕሮግራሙን የሚመራው አቅራቢ ነው። ሁለተኛው ጨዋታውን ከፊሽካ እስከ ፊሽካ የሚያስተላልፈው ዋናው ድምፅ ነው። ሦስተኛው ከዋናው ጎን ተቀምጦ፣ ኳሱ ሲቆም ወይም ድግግሞሽ ሲታይ የሚገባው ሁለተኛ ድምፅ ነው። አራተኛው በዕረፍት ሰዓትና ከጨዋታ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀመጠው ተንታኝ ነው።

እነዚህ የሚጠይቁት ችሎታ የተለያየ ነው። ዋናው አስተላላፊ የሁለቱን ቡድን ሃያ ሁለት ተጫዋቾች በሩጫቸው መለየት፣ ትንፋሹን መቆጠብ፣ መቼ ዝም እንደሚል ማወቅ፣ የዳይሬክተሩን ድምፅ በጆሮው እየሰማ የራሱን ዓረፍተ ነገር ሳይሰብር መጨረስ አለበት። ይህ በዓመታት የሚገኝ የድምፅ ሙያ ነው። ኳስ መጫወት ለዚህ ብዙም አያግዝም፤ በእንግሊዝም ቢሆን በዚህ ወንበር የተቀመጠ ታዋቂ ተጫዋች ማግኘት ይቸግራል። ሁለተኛው ድምፅና የስቱዲዮ ተንታኙ ግን የሚሸጡት ሌላ ነገር ነው። ተከላካዩ ለምን ግማሽ እርምጃ እንደዘገየ፣ በረኛው ለምን በዚያ እግሩ እንደቆመ፣ አሠልጣኙ በ60ኛው ደቂቃ የቀየረው ተጫዋች የጎዳው ማንን እንደሆነ ያስረዳሉ። ይህን ውስጥ የነበረ ሰው በሦስት ሴኮንድ ያየዋል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ጉዳይ በትክክል ሲቀመጥ ጥያቄው ስለ ሦስተኛውና ስለ አራተኛው ወንበር ነው። እነዚህ ወንበሮች ደግሞ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ አልተፈጠሩም።

የካይሮ መንገድና የለንደን መንገድ

ግብፅ ቀድማ ተጫዋቹን በዋናው ማይክ ላይ አስቀምጣለች። መሐመድ ላጢፍ እ.ኤ.አ. በ1934ቱ የዓለም ዋንጫ ለግብፅ የተሰለፈ፣ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በሬንጀርስ የቆየ ተጫዋች ነበር። ኋላ የግብፅ ሕዝብ ጨዋታን የሚሰማበት ድምፅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በካይሮ ጫማ የሰቀለ ሰው ማይክ ማንሳቱ የተለመደ ሆነ። በ1990ው የዓለም ዋንጫ በረኛ የነበረው አሕመድ ሾቤር የራሱን ፕሮግራም ይመራል፤ በፌዴሬሽኑ አመራር ውስጥም፣ በፓርላማም ተቀምጧል። ከሜዳ ወደ ስቱዲዮ፣ ከስቱዲዮ ወደ ሥልጣን የሚያስኬድ መንገድ አለ ማለት ነው። ጥቅሙ የጨዋታ ዕውቀት ለሕዝብ መድረሱ ነው። ጉዳቱ አልአህሊና ዛማሌክ በስቱዲዮ ውስጥም መጫወታቸውን አለማቋረጣቸው ነው፤ ተንታኙ የማን ልጅ እንደሆነ ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቀዋል።

እንግሊዞች በሌላ በኩል መጡ። «ማች ኦፍ ዘ ደይ» የተጀመረው በነሐሴ 1964 ነው። የስቱዲዮ ተንታኞች ጠረጴዛ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ተወዳጅ የሆነው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ፣ አይቲቪ የ1970ውን የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ሲያሳይ ነው። አሠልጣኙን ማልኮም አሊሰንን፣ ተጫዋቾቹን ፓዲ ክሬራንድን፣ ዴሪክ ዱጋንንና ቦብ ማክናብን አንድ ላይ አስቀምጦ አከራከራቸው። አይቲቪ ይህን ያደረገበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ጨዋታውን ቢቢሲም ያሳያል። ምስሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ተመልካች የሚሻማው በወሬው ነው። የተንታኝ ወንበር የተወለደው ከዚህ ውድድር ነው። ይህን ነጥብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ለእኛ ነገር ቁልፉ እዚህ ነውና።

ኢትዮጵያ የድምፅ አገር ነበረች

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ቴሌቪዥን በአገሪቱ አልነበረም፤ የመጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የስፖርት ስርጭታችን የተገነባው በሬዲዮ ላይ ነው። ሬዲዮ ደግሞ አንድ ሰው ይበቃዋል። ሰለሞን ተሰማን የመሰለ አንደበተ ርቱዕ ሰው ካለ፣ አድማጭ ሜዳውን በአእምሮው ይሥላል። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ ሕዝቡ ከጨዋታው እኩል የሚያስታውሰው የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነው። ቴሌቪዥኑም ቢሆን የወረሰው ይህንኑ የሬዲዮ ልማድ ነው፤ አንድ ድምፅ፣ ብዙ ስሜት፣ ጥቂት ትንታኔ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለተጫዋች የተዘጋጀ ወንበር አልነበረም። የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፤ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዝዳንት ሆነዋል። መንግሥቱ ወርቁ አሠልጣኝ ሆነ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በደርግ ጊዜ ተሰድዶ ቀሪ ዕድሜውን በጣሊያን አሳለፈ። ጫማ የሰቀለ ሰው የሚሄድበት መንገድ አሠልጣኝነት፣ አስተዳደር ወይም ስደት ነበር።

አሁንም ልማዱ ብዙ አልተለወጠም። የኤፍ ኤም ስፖርት ፕሮግራሞቻችን የቀድሞ ተጫዋቾችን ይጋብዛሉ፤ የሚጠይቋቸው ግን በአመዛኙ ስለ ድሮው ነው። «ያኔ እንዴት ነበር? ያቺን ጎል እንዴት አገባሃት?» ይባላሉ። ትላንት የተደረገውን ጨዋታ እንዲፈቱልን የምንጠይቃቸው ከስንት አንዴ ነው። ተጫዋቹን የትዝታ ባለቤት አድርገነዋል፤ ትንታኔውን ለጋዜጠኛው ትተናል። ይህ ለጋዜጠኛውም ደግ አይደለም፤ ያልተጫወተውን ጨዋታ ብቻውን እንዲያብራራ ይገደዳልና።

በካርቱም ጣሪያ ላይ የተተከለው ዲሽ

የተንታኝ ጠረጴዛን ኢትዮጵያዊ ተመልካች የተዋወቀው ከራሱ ጣቢያ አይደለም፤ ከዲሽ ነው። ካርቱም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በኳሳችን ታሪክ ውስጥ ሩቅ ከተማ አይደለችም፤ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን በየካቲት 1949 ዓ.ም. የተመሠረተው በእሷ ነው፤ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በግብፅ 4 ለ 0 የተሸነፍነውም እዚያው ነው። በየካቲት 1962 ዓ.ም. ደግሞ የኮትዲቭዋሩ ሎረን ፖኩ በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል ያገባብን በካርቱሙ ውድድር ላይ ነበር። በካርቱም ሰፈሮች በሪያድ፣ በጀሬፍና በዴይም የኖረ ኢትዮጵያዊ ጨዋታ የሚያየው እንደ ጎረቤቱ ሱዳናዊ በዓረብኛ ነበር። መጀመሪያ በ2003 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አልጀዚራ ስፖርት፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ስሙን ወደ ቢኢን ስፖርትስ የቀየረው ጣቢያ የቤቱ እንግዳ ሆነ። አዲስ አበባም ውስጥ ቋንቋውን ሳይሰማ ያንኑ ጣቢያ ሲያይ የኖረው ሰው ብዙ ነው።

ይህ የዶሃ ጣቢያ የሠራው ነገር የለንደንን ሞዴል ወስዶ በአረብ ተጫዋቾች መሙላት ነው። የ1977ቱ የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ቱኒዚያዊው ጣሪቅ ዲያብ በዚያ ጠረጴዛ ተቀምጦ በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከወንበሩ ተነስቶ የአገሩ የስፖርት ሚኒስትር ሆነ። መሐመድ አቡትሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ወደዚያው ሄደ፤ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የግብፅ ፍርድ ቤት በአሸባሪነት መዝገብ ካስገባው በኋላም ድምፁ ከዶሃ መሰማቱን ቀጥሏል። ዋናውን ማይክ የያዙት ግን እንደ ኢሳም አሽሸዋሊና ረኡፍ ኽሊፍ ያሉ የስርጭት ሰዎች ናቸው። የሥራ ክፍፍሉ በዓረብኛም ያው ነው።

ሱዳን ራሷ የምታስተምረው ሌላ ትምህርት አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ የሊጉ ውድድር ተቋረጠ። በኦምዱርማን ያለው የብሔራዊ ቴሌቪዥን ሕንፃ እስከ መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ቆየ። ታላላቆቹ ክለቦች ሂላልና መሪኽ በ2024/25 በሞሪታኒያ ሊግ ውስጥ እስከ መጫወት ደረሱ። የተንታኝ ወንበር በየሳምንቱ የሚተነተን ጨዋታ ይፈልጋል፤ ሊጉ ሲፈርስ ተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ተጫዋቹ የሚያወራውም ሥራ ያጣል። የቀረው እንደገና የውጭ ጣቢያ ነው።

ወንበሩን የሚሠራው ገንዘብ

ወደ እኛው እንመለስ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የስርጭት መብቱን የሱፐር ስፖርትና የዲ ኤስ ቲቪ ባለቤት ለሆነው ለመልቲቾይስ የሸጠው ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ማለት ነው። ከዚያ በፊት ክለቦቻችን ከቴሌቪዥን የሚያገኙት ነገር ለወሬ የሚበቃ አልነበረም፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ በገንዘቡ ክፍፍል ላይ አተኮረ። በውሉ ውስጥ ስርጭቱ በምን መልክ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚናገርበት የጠየቀ ብዙ አልነበረም።

አሠራሩን እንይ። ስርጭቱ በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ በአንድ ሜዳ ተከማችተው ነበር የሚካሄዱት። ምክንያቱ ኮቪድም፣ የስርጭት መኪናውም ነው። አንድ የቀረጻ ቡድን በየሳምንቱ ወደ ስድስትና ሰባት ከተማ መበተን አይችልም። ለሁለተኛ ድምፅ የሚቀመጥ ተጫዋች ካስፈለገ ያ ሰው ለሳምንታት ከቤቱ ርቆ በአንድ ከተማ መቆየት አለበት፤ አበልና ሆቴል ይፈልጋል። ወይም አስተላላፊው ምስሉን ከርቀት ስቱዲዮ እያየ ይናገራል። ሁለቱም ወጪ ናቸው። ጣቢያው ወጪውን የሚያወጣው ደግሞ ተጨማሪ ተመልካች ካገኘ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የአይቲቪን የ1970 ምክንያት ማስታወስ ይበጃል። የተንታኝ ወንበር የተፎካካሪ ጣቢያ ልጅ ነው። ዲ ኤስ ቲቪ ሊጉን ሲይዝ ያንኑ ጨዋታ የሚያሳይ ሌላ ጣቢያ አልነበረም። ተመልካቹ የሚከፍለው ለጨዋታው ነው፤ ትንታኔው ቢኖርም ባይኖርም ዲኮደሩን አይመልስም። ጣቢያው የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ሳይቀር በአማርኛ ማስተላለፍ ጀምሯል፤ ዋና ድምፆችን አብዝቷል ማለት ነው። የሁለተኛውን ወንበር ለመሙላት የሚያስገድደው የገበያ ግፊት ግን የለም። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በበኩላቸው ስለ ሊጉ ያወራሉ እንጂ ምስሉ የላቸውም። ምስል የሌለው ተንታኝ እጁ የታሰረ ነው። የቀድሞ ተጫዋች ብልጫው ድግግሞሹን አስቁሞ «ተመልከት፣ እዚህ ጋ ነው የተበላሸው» ማለቱ ነው፤ ሬዲዮ ላይ ይህ ብልጫ ከግማሽ በላይ ይጠፋል።

ሱፐር ስፖርት ራሱ በደቡብ አፍሪካ እንደ ቴኮ ሞዲሴ፣ በናይጄሪያ በኩል እንደ ዳንኤል አሞካቺ ያሉትን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ስለዚህ ዕውቀቱ በኩባንያው ውስጥ አለ። እኛ ዘንድ የጎደለው ፍላጎት የሚያስነሳው ሰው ነው።

ተጫዋቹስ ለምን አይገፋም?

ጥፋቱን ሁሉ በጣቢያዎች ላይ መጫን ሐቀኛ አይሆንም። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ላይ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ጣሪያው በወረቀት ላይ ቀረ የሚለው ቅሬታ ስንት ጊዜ እንደተሰማ አንባቢ ያውቃል። ቁጥሩ ግን አንድ ነገር ያሳያል። በዚህ ደረጃ ሲከፈለው የኖረ ሰው በፕሮግራም ሒሳብ ለሚከፈል የሬዲዮ ሥራ አይጓጓም። አሠልጣኝነት ይሻለዋል። አሠልጣኝነት መሰላል አለው፤ የካፍ የዲ፣ የሲ፣ የቢና የኤ ፈቃድ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲሳካም ስም ያስገኛል። ገብረመድህን ኃይሌ በጅማ አባ ጅፋር፣ በመቐለ 70 እንደርታ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ መድን የሊጉን ዋንጫ አንስቷል። ማይክ በኩል እንዲህ ያለ መሰላል የለም። በእንግሊዝ የተጫዋቾች ማኅበሩ ከስታፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለቀድሞ ተጫዋቾች በስፖርት ጽሑፍና ስርጭት የዲግሪ ትምህርት አስጀምሯል። የእኛ ተጫዋች የመጀመሪያ የማይክ ትምህርቱን የሚያገኘው በቀጥታ ስርጭት ላይ ነው፤ ሲሰናከልም አገር እየሰማው ነው።

ከገንዘቡ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ትንሽ ሠፈር ነው። አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ አሠልጣኝ የሚቀጥረው፣ ቡድን መሪ የሚሾመው፣ የወጣት ቡድን የሚሰጠው ያው ጥቂት ቢሮ ነው። ዛሬ በቴሌቪዥን «ይህ ክለብ ተጫዋች የሚገዛው ያለ ዕቅድ ነው» ያለ ሰው ነገ ከዚያው ክለብ ሥራ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ላይ የዛሬው አሠልጣኝ የትላንት ጓደኛው፣ የዛሬው አጥቂ ያሠለጠነው ልጅ ነው። ስለዚህ የቀድሞ ተጫዋች ማይክ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጨዋነት ነው። «ሁለቱም ቡድን ጥሩ ተንቀሳቅሷል» ይላል። ይህን ፈሪነት ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ የእንጀራ ሒሳብ ነው ማለት ግን ይበልጥ ትክክል ነው። የእንግሊዙ ጋሪ ኔቪል የቀድሞ ክለቡን ማንቸስተር ዩናይትድን እንደ ልቡ የሚወቅሰው ከክለቡ የሚጠብቀው ደመወዝ ስለሌለ ነው። ጣቢያው በበቂ ከከፈለው ሰው ነፃ ይሆናል፤ ካልከፈለው የወደፊት ቀጣሪው እስረኛ ሆኖ ይናገራል።

የውርርድ ኩባንያዎች ጉዳይም አለ። ሊጉ ራሱ ለተወሰነ ጊዜ የቤትኪንግን ስም ተሸክሞ ተጫውቷል፤ ብዙ የስፖርት ፕሮግራሞችም አየር ሰዓት ሲገዙ የቆዩት በእንዲህ ዓይነት ስፖንሰር ነው። መልበሻ ክፍል ድረስ ወዳጅ ያለው የቀድሞ ተጫዋች ስለ ነገው አሰላለፍ በስቱዲዮ ሲናገር፣ የሚሰማው ደጋፊ ብቻ አይደለም። ይህን የሚመለከት ግልጽ የሥነ ምግባር ደንብ የሚጠይቅ ጣቢያ ቢኖር ጥሩ ነበር።

ቋንቋውን በተመለከተ የሚነገረው ነገር ከመጠን በላይ ተጋንኗል ባይ ነኝ። «አማርኛው አይፈታም» የሚባለው ሐዋሳ፣ ሶዶ ወይም ጅማ ያደገ ተከላካይ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጨዋታውን ከማንም በላይ ሊፈታው ይችላል። የክልል ጣቢያዎች አሉ፤ አድማጩም አለ። ሁሉም በአንድ አማርኛ ማይክ ማለፍ አለበት ማለት ግማሹን የጨዋታ ዕውቀት ደጅ ማስቀረት ነው። ሴት ተጫዋቾቻችንም በዚሁ ሒሳብ ይታያሉ። በእንግሊዝ ለብሔራዊ ቡድን 140 ጊዜ የተሰለፈችው አሌክስ ስኮት በ2021 የቢቢሲን «ፉትቦል ፎከስ» ስትረከብ ብዙ ወንድ ተመልካች አጉረመረመ፤ ሥራዋን ግን ሠራች።

ወንበሩ የማይሰጠው ነገር

ተጫዋች መሆን በራሱ የነቢይነት ፈቃድ አይሰጥም። የሊቨርፑሉ አላን ሃንሰን በነሐሴ 1995 ማንቸስተር ዩናይትድ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ በልጆች ዋንጫ አይገኝም ብሎ ፈረደ፤ ልጆቹ በዚያው የውድድር ዘመን ሊጉንም የኤፍ ኤ ዋንጫውንም ወሰዱ። ሃንሰን በወንበሩ ላይ እስከ 2014 ቆየ፤ ስህተቱ አልጎዳውም፤ ስለሚያውቀው መከላከል ሲናገር ተመልካቹ ያምነው ነበርና። ኔቪል ደግሞ በስካይ ቴሌቪዥን ስክሪን ላይ ስመ ጥር ከሆነ በኋላ በታኅሣሥ 2015 ቫሌንሲያን ሊያሠለጥን ሄዶ ከ28 ጨዋታ አሥሩን ብቻ አሸንፎ በመጋቢት ተባረረ። መፍታትና መሥራት የተለያዩ መሆናቸውን ለዓለም አሳየ። ተመልሶ ስካይ ሲገባ ተመልካቹ በደስታ ተቀበለው።

የቃል ዋጋም አለ። የቀድሞው ተጫዋች አንዲ ግሬይ ስለ ሴት የመስመር ዳኛ የተናገረውና ሌላም ያልተገባ ንግግሩ ከወጣ በኋላ በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ከስካይ ተባረረ፤ ኋላ ጓደኛውን ሪቻርድ ኪስን ይዞ በዶሃው ጣቢያ ብቅ አለ። በመልበሻ ክፍል የሚያስቅ ነገር በስቱዲዮ ከሥራ ያስወጣል። ተጫዋች ከማይክ በፊት የሚያስፈልገው ሥልጠና የድምፅ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላስ?

የአምስት ዓመቱ ውል በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ተቆጥሮ አልቋል፤ መልቲቾይስ ራሱም በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ ካናል ፕላስ እጅ ገብቷል። ይህ ጊዜ ሁለት ሦስት አቅጣጫ ይዟል።

የመጀመሪያው ያለው መቀጠሉ ነው። ጨዋታው ይተላለፋል፣ ዋናው ድምፅ ይናገራል፣ የቀድሞ ተጫዋች በበዓል ሰሞን እንግዳ ሆኖ ይመጣል። ይህ ከሁሉም የሚቀል ስለሆነ ከሁሉም የሚሆን ይመስላል።

ሁለተኛው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጣቢያዎቹን ዘልለው መሄዳቸው ነው። የቀድሞው የእንግሊዝ አጥቂ ፒተር ክራውች በ2018 እ.ኤ.አ. ፖድካስት ጀመረ፤ ኔቪል የራሱን የዩቲዩብ መድረክ «ዘ ኦቨርላፕ»ን ከፈተ፤ ሊንከር ቢቢሲን ከመልቀቁ በፊት የፖድካስት አምራቹ የጎልሃንገር ባለድርሻ ሆኖ ነበር። እኛም ዘንድ በዩቲዩብ በር ክፍት ነው። ግን የጨዋታ ምስል በዚያ መጠቀም አይቻልም፤ መብቱ የሌላ ነውና። ምስል በሌለበት ደግሞ የሚሸጠው ትንታኔ አይሆንም፤ ገመና ነው። ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ማን ስንት ተከፈለው። ብዙ እይታ ያመጣል፣ የተጫዋቹን ስም ግን ቶሎ ያስረጃል።

ሦስተኛው መብቱ ሲከፋፈል የሚመጣው ነው። የቀጥታ ስርጭቱ ለአንድ ጣቢያ፣ የማጠቃለያ ምስሉ ለሌሎች የሚሸጥ ከሆነ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚፎካከሩበት ነገር ያገኛሉ። ምስሉ ሁሉም ቤት ካለ ልዩነቱ ሰው ይሆናል፤ ልክ በ1970 እንደሆነው። ያኔ ጣቢያዎቹ የቀድሞ ተጫዋች ፍለጋ ራሳቸው ይወጣሉ፤ መክፈልም ይጀምራሉ። የዚህ ዋጋ ለአንድ ገዢ ከመሸጥ የሚገኘው ጠቅላላ ድምር ሊቀንስ መቻሉ ነው፤ በመንግሥት በጀት ለሚተነፍሱ ክለቦች ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እንደ እኔ ግምገማ ግን ጥቂቱን መቶኛ አጥቶ ሊጉን በየቤቱ የሚያስተነትን ገበያ ማግኘት በአምስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ የሚከፍል ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ፣ ሕዝቡ ደስታውን ሰማ፤ ሁለት ጎል ብቻ የሚበቃበትን ጨዋታ ቡድኑ እንዴት እንደታገሠ ግን ያስረዳው የለም። ያንን ሊያስረዱ የሚችሉት በሜዳው የነበሩት ናቸው፤ አብዛኞቹም አሁን ጫማ የሰቀሉ ወይም ሊሰቅሉ የደረሱ ናቸው።

የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በቀጣዩ የስርጭት ውል አራት ነገር ቢያስገባ ብዙ ይለወጣል። እያንዳንዱ ቀጥታ ስርጭት በሜዳው ያለፈ ሁለተኛ ድምፅ ይኑረው፤ የማጠቃለያ ምስል ለአገር ውስጥ ጣቢያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ ይድረስ፤ ከመብት ሽያጩ ትንሽ ድርሻ ለቀድሞ ተጫዋቾች የስርጭት ሥልጠና ይመደብ፤ ከክለብ ወይም ከተጫዋች ወኪል ጋር ጥቅም ያለው ተንታኝም ከመናገሩ በፊት እንዲያሳውቅ ይገደድ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።